ስልካችን ከእግራችን አይቅደም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ካደረገችው ንግግር የተወሰደ)



ሰብሳቢያችን «ዘንድሮ ስለ ክርስትና እምነትና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ነገር ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ሰባኪ አይደለሁም፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ የመጽሐፍ እውቀትም የለኝም። የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ የቴሌግራም ግሩፓችንን የከፈትኩትም የማስተዳድረውም እኔ ነኝ። በኋላ ስመለከተው ግን የተጠየቅሁት ስለማውቅ ሳይሆን ስላጠፋሁ መሆኑ ገባኝ። ብዙዎቻችሁ ጥፋቴን ታውቃላችሁ። ያልሰማችሁ እንድትሰሙ፣ የሰማችሁም ከራሴ አፍ እንድትሰሙት ብዬ ቆሜያለሁ። ታሪኩን ለመናገር ቤተሰቡን አስፈቅጃለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

በመካከላችን ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ካቶሊክም አለን። ሙስሊም እህቶቻችንም አሉ። እኔ የምናገረው ከራሴ እምነት ተነስቼ ነው፤ ለሁላችን የሚሆነውን እናንተ ታወጡበታላችሁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ ከደብረ ዘይት በኋላ በዋለው ማክሰኞ ነው። የአንዲት አባላችን ባለቤት ሌሊት አረፉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰማሁ። ነጠላዬን ለብሼ መውጣት ሲገባኝ መጀመሪያ ያነሳሁት ስልኬን ነው። ከአንድ ሠርግ ላይ ያነሳኋቸው ፎቶ ነበረኝ፤ እሱን ከሻማ ሥዕል ጋር አድርጌ «ነፍስ ይማር፤ ቀብር ዛሬ 9 ሰዓት» ብዬ በግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። ቀጥዬ ፌስቡክ ላይ አወጣሁት። ከዚያ ቡና ልጥድ ገብቼ ስመለስ ስልኬን አየሁ። ከአርባ ሰው በላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል። እውነቱን ልናገር፦ ከሁሉ ቀድሜ በማድረሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጥፋቴ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው።

ሟቹ ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለቻቸው። እሷም አባላችን ናት። ከሄደች ጀምሮ ወርሃዊ ቁጠባዋን አንድ ጊዜ አላስታጎለችም። ስለዚህ ግሩፓችን ውስጥ አለች።

ቤተሰቡ ሌሊቱን ተማክሮ ነበር። ልጅቷ የምታርፈው እሑድ ብቻ ነው። እዚያ ያሉ ሁለት ጓደኞቿ ተደውሎላቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጓደኞቿ ተሰብስበው ወደተከራዩት ክፍል ይዘዋት ሊሄዱ፣ እህል ሊያቀምሷት፣ ከዚያም በዕድሜ ታላቅ የሆነችው ልታረዳት ተስማምተዋል። ለቀብር እንደሆነ አትደርስም። እስከዚያ ድረስ ድምፃቸው እንዳያሳብቅባቸው ከቤት ማንም ኢሞ ላለማንሳት ቃል ተገባብቷል። እናትየው በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነው የልጃቸውን እሑድ ያሰቡ ነበሩ።

እኔ ማክሰኞ አረዳኋት።

ያየችው ማዳሟ ቤት ልብስ እየተኮሰች ነው። በግሩፑ ላይ፣ ከአርባው «ነፍስ ይማር» በታች፣ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ይሄ የኔ አባት ነው?» ግሩፓችን ውስጥ ያን ጊዜ 140 ሰው ነበርን። ለረጅም ጊዜ ማንም አልመለሰላትም። እኔም አልመለስኩም፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ወደ ቤት ደወለች፤ ሁሉም ቀብር ላይ ነው። ማዳሟ ክፉ ሰው አይደለችም አሉ፤ ውኃ ሰጠቻት፣ «ትንሽ ዕረፊ» አለቻት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጅቷ ወደ ካውያው ተመለሰች። ዋይ ብላ የምትጮህበት ቤት፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አልነበራትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መርዶ ብዙ አሰብኩ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ለመርዶ ሥርዓት ያበጁለት በከንቱ አይደለም። መርዶ ጎህ ሲቀድ ይነገራል፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በመንገድ ወይም በሥራ ቦታ ሳይሰማው። አስቀድሞ ጎረቤትና ዘመድ ይሰበሰባል። ማን እንደሚናገር ይመረጣል። አጠገቧ የሚቀመጡ፣ ራሷን ስትጥል የሚይዟት ሴቶች ይዘጋጃሉ። ቃሉ ራሱ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፤ የሚበዛው ዝግጅቱ ነው። ይህን ሥርዓት ልጆቻችን ወደ ውጭ ሲሄዱ ይዘውት ሄደዋል። በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም፣ በቤይሩትም ሐበሻ መርዶ የሚያረዳው ጓደኛ ሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ነው።

ስልክ ያን ሁሉ ዝግጅት ቆርጦ ይጥልና ቃሉን ብቻ ያደርሳል። ቀድሞ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ሲዞር ድምፁ ከሰፈር አያልፍም ነበር። ቴሌግራም ግን አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው እንዲይዝ ይፈቅዳል። ያን የሚያህል ጡሩምባ በእያንዳንዳችን መቀነት ውስጥ አለ፤ መቼ እንደሚነፋ ግን ማንም አላስተማረንም።

ሐዘኑ ሲበርድልኝ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ። ስለ ስልክ የሚናገር ቦታ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ስለ መሄድ የሚናገረው ግን ብዙ ነው።

የኢዮብን ወዳጆች አስታውሱ። መከራውን ሰምተው ከየአገራቸው ተነሱ፤ መጥተውም አብረውት በምድር ላይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ሲቀመጡ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሕመሙ እጅግ ከባድ እንደሆነ አይተዋልና። እነዚህ ሰዎች በኋላ ብዙ ተናገሩ፤ በተናገሩትም እግዚአብሔር ተቆጣቸው። ሳስበው፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ካደረጉት ሁሉ ሳይበላሽባቸው የቀረው መምጣታቸውና ዝምታቸው ነው። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኛ ደግሞ መምጣቱን ትተን ከንግግሩ እንጀምራለን።

ጌታችንም እንዲሁ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የመቶ አለቃውን አገልጋይ ቤቱ ሳይሄድ፣ በቃሉ ብቻ ከሩቅ ፈውሶታል። ስለዚህ ከሩቅ መርዳት ኃጢአት አይደለም። አልዓዛር ሲሞት ግን ወደ ቢታንያ በእግሩ ሄደ። አልዓዛር በመቃብር አራት ቀን ሆኖት ነበር። ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀም ከማርታና ከማርያም ጋር አለቀሰ። ከሩቅ ቃል መላክ አቅቶት አይደለም። ሁለት እህቶች ያለቀሱበት ቤት ቃል ብቻ የሚላክበት ቤት ስላልሆነ ነው።

«ታዲያ ስልኩን እንጣለው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በዘመኑ የነበረውን መልእክት ማድረሻ ሁሉ ተጠቅሟል። ታስሮ ሳለ እንኳ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው እሱ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው ብቻውን አይሄድም ነበር። ለሮሜ ሰዎች የተጻፈውን ይዛ የሄደችው ፌቤን የምትባል የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንደሆነች ይታመናል፤ በመልእክቱ መጨረሻ ተቀበሏት፣ በሚያስፈልጋትም ርዷት ብሎ አደራ ይላቸዋል። ለቆላስይስ ሰዎች በላከው ላይም ስለ ራሱ ኑሮ ቲኪቆስ መጥቶ እንደሚነግራቸው ጽፏል። ደብዳቤው ሰው ይከተለው ነበር። ሐዋርያው ዮሐንስ ደግሞ በሁለተኛ መልእክቱ፣ ቁጥር 12 ላይ፣ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው በወረቀትና በቀለም ሊጨርሰው እንዳልወደደ፣ መጥቶ አፍ ለአፍ ሊነጋገር ተስፋ እንዳደረገ ይናገራል። በሦስተኛውም ይህንኑ ይደግመዋል። በወረቀት የሚባለውንና ፊት ለፊት የሚባለውን ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የእኛም ችግር ይህን መለየት አለመቻላችን ይመስለኛል።

የስልክን ጥቅም መካድ ውለታ መርሳት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ መሰብሰብ ሲከለከል ጸሎቱንና ትምህርቱን በቴሌቪዥንና በስልክ ነው የተከታተልነው። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቶቻችን ዛሬም ቅዳሴውን፣ ስብከቱን በልጆቻቸው ስልክ ይሰማሉ። በሰው አገር በር ተዘግቶባቸው የሚሠሩ ልጆቻችን እሑድ እንኳ መውጣት ሲከለከሉ፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው መዝሙር የሚያዳምጡበት ያው ስልክ ነው። ለእነሱ ቤተ ክርስቲያናቸው እሱ ነው። አንዲት አባላችን ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋት በግሩፑ ላይ ጽፈን በቴሌብር ገንዘቡን በሁለት ቀን ሰብስበናል። ይህ ሁሉ በረከት ነው። ግን የዚያን ጊዜውን አስታውሱ፦ ከመጻፋችን በፊት ሁለት ሴቶች ሆስፒታል ሄደው አይተዋታል፣ የሐኪሙን ወረቀት አንብበዋል፣ «በግሩፕ ላይ ብናወጣው ትፈቅጃለሽ?» ብለዋታል። ስልኩ እግርን ተከተለ። ስለዚህ ሠመረ።

እግር ሲከተል ግን ምን እንደሚሆን ሌሎችም ጥፋቶቻችንን ልናገር። እነዚህ የእኔ ብቻ ሳይሆኑ የሁላችን ናቸው።

ከ3 ዓመት በፊት ለፋሲካ ለችግረኛ አባሎቻችን ዘይትና ዱቄት ስናድል እያንዳንዷን ዘይቱን አስይዘን ፎቶ አነሳን። «ለሪፖርት ነው» አልናቸው። ፎቶውን በማኅበሩ ፌስቡክ ላይ አወጣነው። በዓመቱ ከሴቶቹ አንዷ ቀረች። ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት መጀመሪያ ዝም አለችኝ። ኋላ ግን «የልጄ የክፍል ጓደኞች አይተውት ‹የዘይት ልጅ› ይሉታል። ዘይቱ በሁለት ወር አለቀ፤ ፎቶው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም» አለችኝ። ሌላ የምትለው አልነበራትም፤ እኔም አልነበረኝም። ያ ልጅ ዘይቱን አልበላውም ማለት ይቻላል፤ ከፍሎበታል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን ምጽዋት ስታደርጉ በፊታችሁ መለከት አታስነፉ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ ይላል። እኛ ይህን ለሰጪው የተነገረ ምክር ብቻ አድርገን ነበር የምናየው፤ ሰጪ እንዳይታበይ። አሁን ሳስበው የተቀባይዋም ክብር የሚጠበቅበት ነው። በስውር የተሰጠ እንጀራ አንገት አያስደፋም።

እዚህ ላይ ደጋፊዎቻችን ይቅር በሉኝና በቀጥታ ላናግራችሁ። ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ መጠየቃችሁ ትክክል ነው። በችግረኛ ስም ተሰብስቦ የጠፋ ብር ብዙ ነውና ብትጠራጠሩ አንቀየምም። ሒሳባችንን ጠይቁን፤ ደረሰኙን፣ የግዢውን ሰነድ፣ ተቀባዮች የፈረሙበትን ዝርዝር በፋይል እናስቀምጣለን፤ መጥታችሁ ወይም ሰው ልካችሁ መርምሩት። ቤት ለቤት ይዘናችሁ መሄድም እንችላለን፤ የቤቱ ባለቤት ከፈቀደች ቡና ትጠጣላችሁ። ማስረጃ ብላችሁ የሴትዮዋን ፊት ግን አትጠይቁን። የዘይቱን ጀሪካን፣ የዱቄቱን ክምር፣ የሚመዝነውን እጅ አንስተን እንልካለን። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የሰው መረጃ የባለቤቱ መሆኑን ሕጉም ያውቃል። ለእኛ ለክርስቲያኖች ግን ሕጉ ባይወጣም ምክንያት አለን፤ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል ብለን እናምናለንና የዚያን ሰው መልክ እንደ ዕቃ ማሳያ አናወጣውም።

ሁሉም ፎቶ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጠው እህታችን ቲክቶክ ላይ ፊቷን አሳይታ ገበያዋን አስፍታለች፤ እሷ «አንሱኝ» ትላለች። ልዩነቱ እሷ መምረጧ ነው። የተራበች ሴት ዘይት እየተሰጣት «ፎቶ ትፈቅጃለሽ?» ብትባል እሺ ትላለች። ያ ግን ፈቃድ አይባልም። ዘይቱ ቤቷ ከገባ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ እምቢ ብትል ምንም እንደማይቀርባት አውቃ ስትመልስ ነው ፈቃድ የሚባለው።

ሦስተኛው ጥፋታችን የብድር ነገር ነው። አንድ ጊዜ ብድር ያዘገዩ አባላትን ስም ከነገንዘቡ በግሩፑ ላይ አወጣን። ገንዘቡ ቶሎ ተመለሰ፤ ሁለት ሴቶች ግን ማኅበሩን ለቀቁ። ከሁለቱ አንዷ ባሏ ሥራ ስለወጣ ነበር የዘገየችው፤ ብንጠይቃት ትነግረን ነበር። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገረው ይላል፤ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ እነሱንም ባይሰማ ያን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ አንድ ለአንድ፣ ከዚያ ጥቂት፣ ከዚያ ጉባኤ። ግሩፕ ላይ መጻፍ ይህን ገልብጦ ከጉባኤው ያስጀምረናል። ከጉባኤ የጀመረ ነገር ደግሞ ወደ ሁለት ሰው ጨዋታ ተመልሶ አይወርድም። ቂም ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው ቀላል ይመስላል፦ «ይህን ጸሎት ለ10 ሰው ላኪ፤ ካልላክሽ መዓት ይመጣብሻል» የሚለው። ብዙዎቻችን በፍርሃት እናስተላልፈዋለን። ጸሎት የሚጸለይ ነገር ነው፤ በመዓት እያስፈራሩ የሚያስተላልፉት አይደለም። ከዚህ የሚከፋው በታመመ ሕፃን ፎቶ የሚዞረው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሕፃኑ ማን እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደተወሰደ፣ ሒሳቡም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ዋትስአፕ ራሱ የሐሰት ወሬ እንዳይዛመት ብሎ በ2012 ዓ.ም. ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንዴ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ግሩፕ ብቻ እንዲላክ ገድቧል። ሁለት ቀስት ያለበት መልእክት ሲደርሳችሁ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ የዞረ መሆኑን ዕወቁ። ስለ ንግድ የሚያስብ ኩባንያ «ቀስ በሉ» ካለን፣ እውነትን እንወዳለን የምንል እኛ እንዴት ከእሱ እንፈጥናለን?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ታሪክ ልመለስ።

ማክሰኞ ማታ ለቅሶ ቤት ሄጄ እናትየው እግር ላይ ወደቅሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አንስተውኝ «ልጄ፣ ክፉ ሰው ሆነሽ አይደለም፤ ጣትሽ ቀድሞሽ ነው» አሉኝ። የዛሬውን ርዕስ ያገኘሁት ከእሳቸው ነው።

ልጅቷ ከአርባው በኋላ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ብዙ ጊዜ ሳልከፍተው ቆየሁ። «እትዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ያንን ፎቶ አጥፊልኝ። ግሩፑን በከፈትኩ ቁጥር አባቴ እንደ አዲስ ይሞቱብኛል» ትላለች። ከግሩፑ ወዲያውኑ አጠፋሁት። ከፌስቡኬም አጠፋሁት። ነገር ግን እኔ ካጠፋሁት በኋላ ሌሎች ሼር ያደረጉት፣ በስልካቸው ያስቀሩት አለ። ከስንት ወር በኋላ አንድ ዘመዳቸው ያንኑ ፎቶ ከነሻማው እንደገና ለጠፈው። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ አሁን ደግሞ አፋፉ መጨረሻ የለውም። ይቅርታ አግኝቻለሁ፤ ፎቶውን ግን መመለስ አልቻልኩም። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ አለመሆናቸውን የተማርኩት ያኔ ነው።

ከዚህ ተነስተን ሥራ አስፈጻሚው አራት ነገር ወስኗል፤ ዛሬ እናንተ እንድታጸድቁት ቀርቧል። አንደኛ፣ ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ የተመረጠ ሰው «መርዶው ለሁሉም ደርሷል» እስኪል ድረስ በግሩፑ ላይ ስምም ፎቶም አይወጣም፤ የቀብሩን ሰዓት በየቀጠናው ተጠሪዎች በእግር ዞረው ይናገራሉ። ውጭ አገር ያሉ አባሎቻችንን መርዶ የሚያደርሱ ሰዎች እዚያው ባሉበት አስቀድመው ይታወቃሉ፤ እያንዳንዷ ሁለት የምታምናቸውን ጓደኞች ስልክ ለማኅበሩ ትሰጣለች። ሁለተኛ፣ ዕርዳታ የተቀበለች ሴት ፊት አይታይም። ሦስተኛ፣ የብድርና የጠብ ነገር በግሩፕ አይነሳም፤ መጀመሪያ አንዲት ሴት ቤቷ ትሄዳለች። አራተኛ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከመተላለፉ በፊት ሁለት አባላት ሄደው ያያሉ፤ መሄድ የማይቻልበት ከሆነ መልእክቱ አይተላለፍም።

አራቱም ሥራ ይጨምሩብናል። አውቃለሁ። ዳገቱን መውጣት፣ ዝናብ ላይ መሄድ፣ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች» ብሎ መጣራት ከጣት ይከብዳል። ግን ይህ ማኅበር የተመሠረተው በእግር ነው። ስንጀምር ስልክ ያላት ከመካከላችን ሁለት ሴት ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ አንዷ ስትወልድ ገንፎ ይዘን የሄድነው፣ አንዷ ስትታመም ተራ ገብተን ያስታመምነው እኛው ነን። ስልኩ የመጣው ለዚህ ሥራ እንዲያግዘን ነው።

አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ። ያቺ ልጅ በሚመጣው ወር ለአባቷ ሙት ዓመት ትመጣለች። እንደምታውቁት አገራችን ላይ ሰው ከሩቅ ሲመለስ ሐዘኑ ዓመት ቢያልፈውም ለቅሶ ይደረሳል። እኛ እሷን እስካሁን ለቅሶ አልደረስናትም፤ «ነፍስ ይማር» ብለን ጽፈንላት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁላችን እንሄዳለን። ድንኳን አይኖርም፤ ቤታቸው ውስጥ እንቀመጣለን። የምትፈልገውን ያህል ታልቅስ፤ የማክሰኞዋንም ጨምራ። ብዙ አንናገራትም። ፎቶም አናነሳም።

ቀኑን በግሩፑ ላይ አልጽፈውም። ቤት ለቤት ዞሬ እነግራችኋለሁ።